አንቲባዮቲክ የሚቋረጠው «በግዴለሽነት» ነው?

ፒያሳ፦ ዛሬም ሬዲዮ ላይ «ሕዝባችን አንቲባዮቲክ የሚያቋርጠው በግዴለሽነት ነው» ተባለ። ግዴለሽ ሰው ከንጋት ጀምሮ ለካርድ አይሰለፍም! አሞክሳሲሊን 500 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ለ7 ቀን 21 ፍሬ ነው፤ ስትሪፑ የሚይዘው 10። ብር ያጠረው «ለጊዜው አንዱን ስጡኝ» ይላል፤ በአራተኛው ቀን ጠዋት ያልቃል። ትኩሳቱም ያኔ በርዶለታል። ማን ይመለሳል?

ሠንጋ ተራ፦ ሁሉን በብር አታሳብ። 21ዱንም የገዛው እኮ ሲሻለው ስድስቷን ለሚቀጥለው ጉንፋን ያስቀምጣል። ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን አይነካውም። ይሄ ግዴለሽነት ካልሆነ ምንድን ነው?

ፒያሳ፦ ቁጠባ ነዋ! ስሕተት ነው፤ ግዴለሽ ግን መድኃኒት አያስቀምጥም፣ ይጥላል።

አራት ኪሎ፦ የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ የሚጻፈውን እዩ፦ «1×3»። ሰው በቁርስ፣ በምሳ፣ በእራት ይውጠዋል፦ ጠዋት 2፣ ቀን 7፣ ማታ 2። ሌሊቱን 12 ሰዓት ሙሉ ክፍተት! «ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? እስከ 9 ሰዓት የሚጾመውማ የቀኑን ይዘለዋል፤ ትጾማለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም።

ሠንጋ ተራ፦ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም።

አራት ኪሎ፦ አታስገድድም፤ ሰውየው ግን ይጾማል። ያዘዘው ሐኪም ቢያውቅ በቀን ሁለቴ የሚወሰድ ሊፈልግለት ይችል ነበር።

ልደታ፦ የልጆቹን ሽሮፕ ረሳችሁት። ዱቄቱ ተነቅንቆ ሳይላላ ውሃ ይጨመርበታል፤ አረፋው መስመሩ ላይ ሲደርስ ሞላ ይባላል። አረፋው ሲወርድ ውሃው ጎድሎ ይገኛል፤ መድኃኒቱ ወፍሮ ቀኑ ሳይደርስ ያልቃል። ሳይነቀንቁ ከሰጡት ደግሞ ላዩ ቀጭን፣ መድኃኒቱ ከታች። የቤት ማንኪያ ሁሉም 5 ሚሊ ሊትር አይይዝም። አንዲት ሰዓት ያላዛነፈች እናት ልጅ በልኩ ሳይወስድ ይቀራል። እሷም ግዴለሽ ናት?

ሠንጋ ተራ፦ እናቶችን ማን ነካ? እኔ የምለው ተነግሮት የሚያቋርጠውን ነው።

አራት ኪሎ፦ ምን ተነግሮት? ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ለሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም ፔኒሲሊን 10 ቀን የሚታዘዘው ባክቴሪያው ከጉሮሮ እንዲጠፋና የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት እንዳይከተል ነው። ሕመሙማ በጥቂት ቀን ይለቃል። «ቢሻልህም ለልብህ ስትል ጨርሰው» የሚለው ማነው? ከኋላ ሰው እየገፋ በመስኮት የተወረወረ «ሦስቴ ውሰድ» ምክር አይባልም።

ሠንጋ ተራ፦ ማዘዣ ሳይዝ «ቶንሲል ነው፣ አዚትሮማይሲን ስጡኝ» የሚለውስ?

ፒያሳ፦ የሸጠለትስ?