ካናዳ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፕሮግራመር አናሊስት ስለመሆን፦ ልምዳችን ይቆጠራል ወይ?

ጠያቂ፣ ከኮዬ ፈጬ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አዲስ አበባ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ፕሮግራመር ሆኜ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴ ኦታዋ ናት፣ የእኔም ፕሮሰስ ወደ ማለቁ ነው። የካናዳ ፌዴራል መንግሥት ማስታወቂያዎች ላይ አይቲ 02 የሚል ደረጃ አያለሁ፣ መካከለኛ ፕሮግራመር አናሊስት ማለት ነው ይላሉ። ሥራው በተግባር ምን ይመስላል? ጓደኞቼ «የአገር ቤት ልምድ እዚያ አይቆጠርም፣ መጋዘን ነው የምትገባው» እያሉ ተስፋ አስቆርጠውኛል። የምታውቁ እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ፣ ከየካ አባዶ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅክ። እኔ ኦታዋ ውስጥ በዚሁ ደረጃ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን እናቴን ለማስታመም ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ የካ አባዶ ነው ያለሁት። ይህ ፈቃድ ራሱ ከሥራው መልካም ነገሮች አንዱ ነው። ቤተሰብ ለመንከባከብ በሥራ ዘመንህ በድምሩ እስከ 5 ዓመት መውጣት ትችላለህ። ላፕቶፑን ይዤ ከዚህ ልሥራ ብዬም ጠይቄ ነበር፣ አልተፈቀደም። የዜጎች መረጃ ያለበት ማሽን ከአገር እንዲወጣ አይፈልጉም፣ ልክም ናቸው።

ጓደኞችህ ላሉህ ነገር መልሴ አጭር ነው። ልምድህ ይቆጠራል። ግን በደንብ ከጻፍከው ነው። እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፣ መጀመሪያ ሥራውን ልንገርህ።

01 ጀማሪ ነው፣ ሥራው ተቆርጦ ይሰጠዋል፣ አጠገቡ የሚያየው ሰው አለ። 03 ቡድን ይመራል ወይም በቴክኒክ ጉዳይ ያማክራል። 02 መሀል ላይ ነው፣ አብዛኛው ሥራ የሚሠራውም እዚያ ነው። አንድ የሲስተም ክፍል ያንተ ይሆናል። ለምሳሌ የክፍያ ስሌቱ ወይም የማመልከቻ ቅጹ። ሲበላሽ የሚፈለገው አንተ ነህ። ሕጉ ሲቀየር ሲስተሙ ላይ ምን መነካት እንዳለበት የምትጽፈውም አንተ ነህ።

ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ኮድ የሚጻፍ ይመስለዋል። እኔ በቀን 2 ሰዓት ከጻፍኩ ጥሩ ቀን ነበር። የቀረው ከሰው ጋር ነው የሚያልፈው። የሥራ ክፍሉ ሰዎች «ሪፖርቱ አይገጥምም» ብለው ይልካሉ። የማይገጥመው ምኑ ነው? ከየትኛው ቁጥር ጋር? ከመቼ ጀምሮ? ይህን ለማወቅ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ ሲሠሩ ታያለህ። ከዚያ የሰማኸውን ጽፈህ መልሰህ ታሳያቸዋለህ፣ «አይ እንደዚህ አላልንም» ይሉሃል፣ እንደገና ትጽፋለህ። ሲስማሙ ነው ኮዱ የሚነካው። ከዚያ በሙከራ ሲስተም ላይ ይፈተሻል፣ የሥራ ክፍሉ ይፈርማል፣ ለውጡን የሚያጸድቅ ኮሚቴ ያያል፣ ብዙ ጊዜም ሰው ከሥራ ከወጣ በኋላ ማታ ይለቀቃል። አንድ የቀን መሙያ ሣጥን ለማስተካከል 3 ሳምንት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ ያናድድ ነበር። ቆይቶ ግን ገባኝ። ያ ሣጥን ከተሳሳተ የአንድ እናት የልጅ ድጎማ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ነገር ስናወራ ፊኒክስን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በፈረንጆች 2016 የካናዳ ፌዴራል መንግሥት ፊኒክስ የሚባል አዲስ የደመወዝ ሲስተም ጀመረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ደመወዛቸው ተዛባ። አንዱ ጭራሽ አልተከፈለውም፣ ሌላው ጎደለበት፣ ሌላው ከሚገባው በላይ ተከፍሎት በኋላ መልስ ተባለ። ቤት ክፍያቸውን መክፈል ያቃታቸው ነበሩ። ሲስተሙ ገና ሳይደላደል በየመሥሪያ ቤቱ የነበሩ፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ጉዳይ በቃላቸው የሚያውቁ የደመወዝ ባለሙያዎች ቦታ ታጥፎ ሥራው ሚራሚሺ በምትባል አንዲት ከተማ ወዳለ ማዕከል ተጠቃሎ ነበር። ዋናው ኦዲተር በ2018 ሪፖርቱ ነገሩን ለመረዳት የሚያዳግት ውድቀት ብሎታል። እኛ መሥሪያ ቤት ይህ ታሪክ ሳይነሳ የሚያልቅ ስብሰባ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ካልተሰማ፣ ኮዱ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ባለፈው ወር እናቴን ይዤ ፋይሏን ለማሳደስ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጠዋት 2 ሰዓት ደረስን፣ ሰልፉ በር ድረስ ነበር። ወጣቱ ስሟን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ፣ የለም። ደግሞ ጻፈ፣ የለም። የአባቷ ስም «ሃ» በሚል ድምፅ ይጀምራል። በሀሌታው ሀ ሞከረ፣ በሐመሩ ሐ ሞከረ፣ ብዙኃኑን ኃ ሳይሞክር ሰልፉ ገፋውና ተወው። ከዚያ ከመሳቢያው አንድ የተቀዳደደ ደብተር አወጣ። የጠፉበትን ስሞች ከፋይል ቁጥራቸው ጋር በእጁ ሲጽፍ ኖሯል። የእናቴም እዚያ ውስጥ ነበረች! 10 ደቂቃ አልፈጀም፣ ፋይሉ መጣ።

ለኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው። ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ያለው የተለያየ ፊደል ነው። ሲስተሙን የሠራው ሰው ያንን ደብተር አይቶት ቢሆን ኖሮ፣ ከመፈለጉ በፊት ተመሳሳይ ድምፆችን ወደ አንድ የሚያመጣ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃው ነበር። የአናሊስት ሥራ ማለት ያንን ደብተር ማግኘት ነው። እመነኝ፣ ካናዳም እንዲህ ያለ ደብተር አለ። እነሱ ኤክሴል ላይ ነው የሚጽፉት።

ያንተ 6 ዓመት በእንዲህ ዓይነት ነገር የተሞላ መሆን አለበት። ጳጉሜን የማይቀበል የቀን ሣጥን አጋጥሞህ አያውቅም? በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ቀን እንደ ፈረንጅ ተቆጥሮ ሰውዬው 7 ወይም 8 ዓመት ሲያረጅስ? የአባት ስም የቤተሰብ ስም ቦታ ላይ ገብቶ አንድ ሰው ሁለት ፋይል ሲኖረው? እኔ እዚያ አንድ ጊዜ የተደጋገሙ ፋይሎች ሲጣሩ የሐበሻ ስሞች ለምን እንደሚበዙ ቡድኑ ግራ ገብቶት ነበር። በአንዱ ቅጽ የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚገባ ነው ብዬ ሳስረዳቸው ጉዳዩ በአንድ ስብሰባ አለቀ። አገር ቤት ያየሁት ነገር ነው ያበላኝ።

የማመልከቻው ነገር። ማስታወቂያው ላይ የግድ የሚሉት መስፈርት አለ፣ ቢኖር ይመረጣል የሚሉት አለ። የግድ የሚለውን እያንዳንዱን መስመር በጥያቄ መልክ ያቀርቡልሃል። «ዳታቤዝ እችላለሁ» ብሎ መመለስ ያስጥላል። የሚያነበው ሰው ያልጻፍከውን ገምቶ ነጥብ መስጠት አይፈቀድለትም። የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ችግሩ ምን ነበር፣ አንተ ራስህ ምን አደረግክ፣ በምን መሣሪያ፣ ውጤቱስ? ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ትጽፋለህ። እኛ ደግሞ ባህላችን ሆኖ «እኔ» ማለት ያሳፍረናል፣ «ሠራን» እንላለን። እዚያ «ሠራን» ካልክ ማን እንደሠራው አይታወቅም። «ሠራሁ» በል፣ ትዕቢት አይደለም።

ለአይቲ ደረጃዎች ትንሹ የትምህርት መስፈርት በዘርፉ የ2 ዓመት የድኅረ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነው፣ ስለዚህ ዲግሪ ካለህ ይበቃል። ግን የውጭ ዲግሪ ስለሆነ ከካናዳ ትምህርት ጋር አቻ መሆኑን በታወቀ ድርጅት ማስገምገም ይፈልጋል። ትራንስክሪፕትህን ከዩኒቨርሲቲህ አሁን፣ እዚህ እያለህ አስጨርስ። እዚያ ሆኖ በወንድም በእህት ማስላክ ስንቱን እንዳንከራተተ እኔ አውቃለሁ። የፖሊስ ማስረጃም ያዝ፣ የደኅንነት ማጣሪያው ያለፉትን ዓመታት ስለሚያይ ሊጠየቅ ይችላል። ከ2021 ጀምሮ ቋሚ ነዋሪ ከዜጋ እኩል ቅድሚያ ያገኛል፣ ድሮ እንደዚያ አልነበረም። ወረቀትህን እስክታገኝ ዝግጅቱን ጨርስ።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ማስታወቂያዎቹ ብዙ ጊዜ የሚዘጉት በፓስፊክ ሰዓት ከሌሊቱ እኩለ ሌሊት 1 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ለእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው፣ በእነሱ ክረምት ደግሞ 5 ሰዓት። ግን ለመጨረሻው ጠዋት እንዳታቆየው። እዚህ ዳር ዳር ሰፈር መብራት የሚጠፋው ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

አስተያየት፣ ከካልጋሪ፦

እህቴ፣ የጻፍሽው ጥሩ ነው፣ ግን ልጁን ተስፋ ብቻ አታብዪለት። እኔ 2 ዓመት ሙሉ አመልክቻለሁ፣ አንድ ፑል ውስጥ ገብቼ ስልክ ሳይደወልልኝ ጊዜው አለፈ። አሁን ደግሞ መንግሥት ሰው እየቀነሰ ነው። ፈረንሳይኛ ከሌለህም በር ዝግ ነው።

መልስ፣ ከየካ አባዶ፦

ወንድሜ ከካልጋሪ፣ የደረሰብህ ያሳዝናል፣ እውነትህንም ነው። ይህን ሳልጽፍ ማለፌ ጥፋቴ ነው። ፑል ማለት ፈተናውን ያለፉ ሰዎች ስም ዝርዝር እንጂ ቅጥር አይደለም። ከማመልከቻ እስከ ደብዳቤ እኔ 11 ወር ጠብቄያለሁ። ያ ሁሉ ጊዜ የግል ድርጅት ውስጥ የስልክ እርዳታ ዴስክ ላይ ነበርኩ። ፌዴራሉም አሁን እየቀነሰ ነው፣ እሱን ብቻ ይዞ መቀመጥ አይሆንም። ኮዬ ፈጬ ያለኸው ወንድሜ፣ የኦንታሪዮ መንግሥት፣ የኦታዋ ከተማ አስተዳደር፣ ሆስፒታሎችና የትምህርት ቦርዶችም ይህንኑ ዓይነት ሥራ ያወጣሉ። ለመንግሥት በኮንትራት ሰው የሚያቀርቡ ድርጅቶችም አሉ፣ ብዙ ሰው በዚያ በኩል ነው የገባው።

ፈረንሳይኛውን በተመለከተ ግን ትንሽ እለያለሁ። 02 ላይ እንግሊዝኛ ብቻ የሚጠይቁ ቦታዎች አሉ፣ እኔም የገባሁት በእንደዚያ ያለው ነው። ችግሩ የሚመጣው ማደግ ስትፈልግ ነው። ኦታዋ ውስጥ ሰው የምታስተዳድርበት ቦታ ላይ ሁለቱም ቋንቋ ይጠየቃል። እኔ 9 ዓመት እዚያው ደረጃ ላይ የቀረሁት በዚህ ነው፣ ይቆጨኛል። ቀደም ብዬ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ! ስለዚህ አሁን ቪዛ እየጠበቅክ ባለህበት ጊዜ ጀምር፣ አሊያንስ ፍራንሴዝ አዲስ አበባ ውስጥ ከ100 ዓመት በላይ ሲያስተምር የኖረ ተቋም ነው።

ደመወዙም ከግል ድርጅት ያንሳል፣ ይህንንም ልወቅ ካልክ። በምትኩ የመጀመሪያውን የ12 ወር የሙከራ ጊዜ ካለፍክ ትረጋጋለህ፣ ከ2 ዓመት አገልግሎት በኋላ ጡረታው ያንተ ነው።

ጠያቂ፣ ከኮዬ ፈጬ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ደብተሩን ስታነሺ ደነገጥኩ። እኛም መዝገብ ቤት ያሉ አንዲት እናት እንደዚያ ያለ ደብተር ነበራቸው። ሲስተሙን ስንሠራ ከሳቸው ጋር 2 ሳምንት ቁጭ ብያለሁ። እሱ ይጻፋል እንዴ?

መልስ፣ ከየካ አባዶ፦

መጀመሪያ የሚጻፈው እሱ ነው! ዛሬ ማታ በአንድ ገጽ ጻፈውና ላክልኝ፣ እንግሊዝኛው ቢሳሳት ግድ የለም፣ አብረን እናስተካክለዋለን። እሳቸው ምን እያሉ ነበር ያስቸገራቸው? ደብተሩ ላይ ምን ነበር የሚጽፉት? አንተ ከመጣህ በኋላስ ደብተሩን ተዉት ወይስ አሁንም ይዘውታል?