ከጠርሙስ የወጡ የኦርኪድ ችግኞቼን ሻጋታ ያዛቸው፤ ምን ላድርግ?

የጠዋት ጠል (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁን እርዱኝ።

ከ9 ቀን በፊት ፋላኖፕሲስ የሚባለው ኦርኪድ ከዘር የበቀለበትን የመጀመሪያ ጠርሙሴን ከፈትኩ። 25 ችግኞች ነበሩ። የትልቁ ቅጠል 3 ሴንቲ ሜትር ያህላል። ጠርሙሱ ውስጥ የበቀሉበትን ጄሊ በውኃ ለቅለቅ አድርጌ ሁሉንም አንድ ሰፊ ዕቃ ውስጥ፣ በአፈር ፈንታ ሞስ በሚባለው እርጥበት ያዥ ተክል ተከልኳቸው። እንዳይደርቁብኝ ብዬ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ሳጥን ዘጋሁባቸው። በቀን ሦስቴ ውኃ እረጫለሁ።

በ5ኛው ቀን ሞሱ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር አየሁ። በስቴኪኒ ለቅሜ አወጣሁት። በማግስቱ እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። ቀረፋ በውኃ በጥብጬ አፈሰስኩበት። ዛሬ ጠዋት 4 ችግኞች ተኝተው አገኘኋቸው። ከታች፣ ቅጠሎቹ ከሚገናኙበት ቦታ ቡናማ ሆነዋል፤ ሲነኩ ይፈርሳሉ። ከላይ ግን ቅጠላቸው ገና አረንጓዴ ነው። እሱ ነው አንጀቴን የበላው።

የትኛውን መድኃኒት ልርጭ? ወይስ ሁሉንም ልጣል?

መስኮት ዳር

እኔ 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው የማፈስበት። አረፋ ይደፍቅና ጥጡ ወዲያው ይጠፋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ደጋግሚው። አይዞሽ።

እማማ ሞስ

ልጄ፣ አትጣያቸው። 21 ችግኝ አለሽ። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ግን ተነሺና ክዳኑን ክፈቺ። መርጫውንም አስቀምጪው።

«መስኮት ዳር» የተናገሩት ለበጎ ነው፤ ግን እኔ በዚህ አልስማማም። ፐርኦክሳይድ ያገኘውን አቃጥሎ ወዲያው ውኃና ኦክሲጅን ሆኖ ያልቃል። ነገ ለሚመጣው ሻጋታ የሚተርፍ ነገር የለውም። ከሚያቃጥለው ውስጥ ደግሞ የለጋው ሥር ጫፍ አለበት። ቀረፋውንም ተዪው። ቀረፋ ያደርቃል። የተቆረጠ ቅጠል ላይ ነስነስ ቢደረግ ጥሩ ነው፤ ሥር ላይ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሳጥንሽ ውስጥ ያሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሞሱ ላይ ያየሽው ጥጥ አንድ ነው። ችግኞቹን ያበሰበሰው ግን ሌላ ሳይሆን አይቀርም። ጥጡ ብዙውን ጊዜ የሞተ ነገርና ስኳር የሚበላ ሻጋታ ነው። ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ ጤነኛ ችግኝ አይገድልም። ገዳዩ እንዲህ ጎልቶ አይታይም። የችግኙ ታችኛው ክፍል ውኃ የጠጣ ይመስልና ይጠቁራል፣ ይወድቃል። ከዚያ ጎረቤቱ ይከተላል። አንቺ ጥጡን ስትለቅሚ እሱ ከሥር ሥራውን እየሠራ ነበር። እንዲህ ከሚያደርጉት አንዱ ፒቲየም የሚባለው ነው። ስፖሩ (የሚራባበት ደቃቅ ዘር) በውኃ ውስጥ እየዋኘ ነው የሚሄደው። በቀን ሦስቴ ስትረጪ መንገድ እየጠረግሽለት ነው።

ጥጡ ግን ከንቱ አይደለም። ሁለት ነገር ይነግርሻል፦ ስኳር ቀርቷል፣ አየሩም ቆሟል።

ስኳሩ ከጄሊው ነው የመጣው። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ ነው፤ እንደ ባቄላ ስንቅ ይዞ አይወለድም። ጫካ ውስጥ ስንቁን የሚያቀብለው ፈንገስ ነው። ይህን ፈረንሳዊው ኖኤል ቤርናር እ.ኤ.አ. በ1899 ደረሰበት። በ1922 ደግሞ አሜሪካዊው ሉዊስ ክናድሰን ያለ ፈንገሱ፣ በስኳር፣ በማዕድን ጨውና ጄሊውን በሚያረጋው አጋር ዘሩ እንደሚበቅል አሳየ። ሁላችንም ጠርሙስ የምንከፍተው ከዚያ ወዲህ ነው። በእሱ ቀመር አንድ ሊትር ጄሊ ውስጥ 20 ግራም ስኳር ይገባል። ጠርሙሱ በንጽሕና ተዘግቶ ሳለ ከችግኙ በቀር ማንም አይነካውም። ክዳኑ ሲነሳ ግን አየር ላይ ያለ የሻጋታ ስፖር ሁሉ ድግስ እንደተጠራ ይቆጥረዋል።

እኔ የመጀመሪያውን ጠርሙሴን ስከፍት ሥሩ ይሰበርብኛል ብዬ ጄሊውን ግማሹን ተውኩት። 30 ዴንድሮቢየም የሚባሉ ኦርኪዶች ነበሩ። ሻጋታው ሲመጣ ደነገጥኩና መድኃኒት በእጥፍ በጥብጬ አፈሰስኩባቸው። የተረፉት ሥራቸው ጫፉ ጠቆረ። በ3ኛው ሳምንት 6 ብቻ ቀሩ። ከእነሱ አንዱ ዛሬም መስኮቴ ላይ አለ፤ በየዓመቱ ያብባል። እሱን ባየሁ ቁጥር ሌሎቹ ትዝ ይሉኛል። ስለዚህ የምነግርሽን ከልቤ ነው የምነግርሽ።

ዛሬ ማታ እንዲህ አድርጊ። የወደቁትን 4ቱን አውጪ። አጠገባቸው ያሉትን ለብቻ አስቀምጪ፤ ጤነኛ ቢመስሉም ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅያቸው። ሞሱን በሙሉ ጣይው። አይቆጭሽ፣ ታጥቦ አይመለስም። ከዚያ ችግኞቹን አንድ በአንድ ለብ ባለ ውኃ እጠቢ። አጋር በእጅ ሙቀት አይቀልጥም፤ ስለዚህ በጣትሽ ከሥሮቹ መካከል እያሸሽ ነው የምታወጪው። ውኃውን 4 ወይም 5 ጊዜ ቀይሪ። ሥሩን በጣትሽ ስትዳብሺው የሚያዳልጥ ከሆነ ጄሊ አለ ማለት ነው፤ ድገሚ። ሁለት ሥር ቢሰበር ከሚቀረው ስኳር ይሻላል። የተሰበረውን በንጹሕ መቀስ ቁረጪው።

ዕቃውንና መቀሱን በበረኪና አጽጂ፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ። 10 ደቂቃ ዘፍዝፊና በደንብ አለቅልቂ። አዲሱ ሞስ ላይ የፈላ ውኃ አፍስሺበትና ሲቀዘቅዝ በጡጫሽ ጭመቂው። ጠብታ የማይወጣው ሲሆን ነው ልኩ። 4 ወይም 5 ችግኝ በአንድ ትንሽ ኩባያ ትከዪ። ሁሉንም በአንድ ዕቃ መትከል እርጥበቱን እኩል ያደርገዋል፤ በሽታ ሲገባ ግን ሁሉንም ይወስዳል። ቅጠሎቹ የሚገናኙበት ቦታ ከሞሱ በላይ ይሁን። ያንን ቦታ የቀበርሽው እንደሆነ ምንም መድኃኒት አያድነውም።

ክዳኑን አትጣይው፤ ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አስፊው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይነሳ። ትንሽ ማራገቢያ ካለሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሪው፤ የሚፈለገው አየሩ እንዲንቀሳቀስ ነው እንጂ ቅጠሉ እንዲመታ አይደለም። ውኃ ጠዋት ብቻ ስጪ፤ እሱም ሞሱን ነክተሽ ሲፈልግ። ማታ ቅጠል ላይ ጠብታ እንዳያድር። ሙቀቱ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ቅዝቃዜና እርጥበት አንድ ላይ ሲመጡ ነው ትልቁ ጥፋት።

ላብ ጠረጴዛ

እማማ ሞስ ሁሉንም ብለውታል። እኔ ቲሹ ካልቸር (ተክልን በላብራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ ማብቀል) ላይ ስለምሠራ ሁለት ነገር ልጨምር።

ጠርሙስ ውስጥ እርጥበቱ 100% ሊደርስ ምንም አይቀረውም። እዚያ ያደገ ቅጠል ውኃ የሚያቆይለት ሰም በደንብ አይኖረውም። መተንፈሻ ቀዳዳዎቹም በቅጡ መዘጋት አይችሉም። ስለዚህ ክዳኑን በአንዴ ብታነሺው ይጠወልጋሉ፣ ካላነሳሽው ደግሞ ይበሰብሳሉ። ቀስ በቀስ የተባለው ለዚህ ነው።

ስለ መድኃኒቱ፦ መጀመሪያ በሽታው ይለይ። ታዮፋኔት ሜታይል የሚባለው መድኃኒት ሪዞክቶኒያ ለሚባለው ችግኝ አበስባሽ ፈንገስ ይሠራል፤ ፒቲየምን ግን አይነካም። ፒቲየም እውነተኛ ፈንገስ አይደለም፤ ዝምድናው ለቡናማ አልጌ ይቀርባል። እሱን የሚይዘው እንደ ሜታላክሲል ያለ መድኃኒት ነው። ሜታላክሲል ደግሞ ሪዞክቶኒያን አይነካም። ብዙ ሰው አንዱን ገዝቶ ደጋግሞ ይረጭና «መድኃኒቱ አይሠራም» ይላል። መዳብ ያለበትን ለጋ ችግኝ ላይ አትሞክሪ፤ በተለይ ዴንድሮቢየምን ያቃጥላል። የምትረጪ ከሆነ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን አትለፊ። ጓንት አድርጊ፣ ዝግ ክፍል ውስጥም አትርጪ።

የጠዋት ጠል

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት አጠብኩ። ጄሊው ሥሮቹ መሃል ያን ያህል ቀርቶ ነበር ለካ! ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። አንዳንዱ ሥር ላይ ነጭ ፀጉር የመሰለ አለ፤ ሻጋታ ነው? ሌላው፣ ያልከፈትኩት ሁለተኛ ጠርሙስ አለኝ። ጥጉ ላይ ሳንቲም የሚያህል ግራጫ ሻጋታ በቅሏል። ችግኞቹ 2 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ ሁለት ሁለት ሥር አላቸው። እስኪያድጉ ልጠብቅ?

እማማ ሞስ

ፀጉሩን አትንኪው! የሥሩ የራሱ ፀጉር ነው፤ ውኃ የሚጠጣበት። አለያየቱ እንዲህ ነው፦ የሥር ፀጉር አጭርና እኩል ነው፣ ከሥሩ አይርቅም። ሻጋታ ግን እንደ ሸረሪት ድር ከሥሩ ወደ ሞሱ፣ ከሞሱ ወደ ኩባያው ግድግዳ ይሻገራል። ሥሩ ራሱ ሲደርቅ ብርማ ነጭ ሆኖ ውኃ ሲያገኝ አረንጓዴ ከሆነም ጤነኛ ነው።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ዛሬውኑ ክፈቺው። ስኳሩ ላይ ሻጋታው ከችግኙ ይፈጥናል። በመጠበቅ የምታተርፊው ነገር የለም። 2 ሴንቲ ሜትርና ሁለት ሥር ይበቃቸዋል። ሻጋታው የነካቸውን ለብቻ እጠቢ፣ ለብቻም ትከያቸው።

የጠዋት ጠል

ከ24 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ከ21ዱ 3 ወደቁ፤ ሦስቱም ለብቻ ያስቀመጥኳቸው ጎረቤቶች ናቸው። 18ቱ ቆመዋል። ከሁለተኛው ጠርሙስ 19 ወጡ፣ እስካሁን አንድም አልጎደለም። መድኃኒት አልረጨሁም። ዛሬ ጠዋት አንዱ ላይ ጫፉ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ሥር ከቅጠሉ ግርጌ ብቅ ብሎ አየሁ። የሩዝ ፍሬ አያህልም። ቤቱን በሙሉ ጠርቼ አሳየሁ። ማዳበሪያ መቼ ልጀምር?

እማማ ሞስ

እሰይ ልጄ! እሰይ! ሥር ካወጣ ጀምሪ። ማሸጊያው ላይ ካለው መጠን ሩቡን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት። የዚያን ሥር ፎቶ ላኪልኝ።