መብራት ሲሄድ አብሮ የሚጠፋ ሶላር

ሰላም ለሁላችሁ። ቢሾፍቱ ትንሽ የወተት መሸጫ አለችኝ። ሁለት ዲፕ ፍሪዘርና አንድ ትልቅ ፍሪጅ ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። በቆጣሪው ንባብ በቀን ወደ 18 ኪሎዋት ሰዓት እጠቀማለሁ። መብራት በብዛት የሚሄደው ማታ ሲሆን ከ3 እስከ 4 ሰዓታት ያህል ይቆያል።

አምና ባለ 550 ዋት 6 ፓነሎች ቆርቆሮው ላይ አስገጠምኩ። አልዋሽም፣ የመብራት ክፍያዬ ቀንሷል። ግን መብራት ሲሄድ፣ ጠራራ ፀሐይ እያለ እንኳ፣ ሶላሩም ቀጥ ይላል። ለካ ኢንቨርተሩ (የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚቀይረው መሣሪያ) ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ብቻ የሚሠራ፣ ባትሪ የማይቀበል ነው። መስመር የሚጠግን ሰው በኤሌክትሪክ እንዳይያዝ ተብሎ ኢንቨርተሩ በራሱ ይጠፋል። ይህን ስገዛ የነገረኝ የለም!

በመኪና ባትሪና በትንሽ ኢንቨርተር ሞከርኩ። የፍሪዘሩ ኮምፕረሰር ሊነሳ ሲል ጮኾ ይጠፋል። ጄኔሬተሩም ትርፌን በነዳጅ ጨረሰው።

የጣሪያው ማገር ባሕር ዛፍ ስለሆነ ተጨማሪ ፓነል አልጭንበትም። ጓሮ ግን ጥላ የሌለው 6 በ8 ሜትር ቦታ አለ።

ታዲያ ያሉኝን ፓነሎች ይዤ ኢንቨርተሩን በሀይብሪድ (ከመስመሩም ከባትሪም ጋር በሚሠራ) ልቀይርና 5 ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ልጨምር፣ ወይስ ጓሮው ላይ ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ የተለየ ሶላር ለፍሪዘሮቹ ብቻ ልትከል?