ቡፌ ላይ በአንድ ሳህን መቆም አቃተኝ

ክብደት እየቀነስኩ ነው። ቤት ውስጥ ችግር የለብኝም፤ መጥኜ አቀርባለሁ፣ በልቼ እነሳለሁ። የሚያስቸግረኝ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የምንበላው የቡፌ ምሳ ነው።

ተርቤ ላለመሄድ ቀደም ብዬ እንቁላል ወይም እርጎ እቀምሳለሁ። ትንሹን ሳህን አንስቼ ግማሹን በሰላጣ እሞላለሁ። እስከዚህ ጎበዝ ነኝ! ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። የጥጋብ ስሜት እስኪመጣ 20 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ሹካዬን አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ግን ሁሉም እየተነሳ ይደግማል። ባዶ ሳህን ይዤ ስቀመጥ ደግሞ «ምነው፣ አልጣመሽም እንዴ?» ይሉኛል። ሳይርበኝ ሄጄ እደግማለሁ። የሚጥለኝም ጣፋጩ ሳይሆን ዳቦውና የተጠበሰው ነገር ነው። ውሃና ሻይ ሞክሬ ብዙም አልረዳኝም።

ሰው ሳላስቀይም በመጀመሪያው ሳህን ለማቆም፣ በዚያች 20 ደቂቃ ውስጥ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?