ባለ አንድ መኝታ፣ አምስት ሰው፣ አንድ ኤል ሼፕ ሶፋ

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ጀሞ ነው የምንኖረው፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆቻችን። አሁን ደግሞ እማዬ ከደብረ ማርቆስ መጥታለች። ጉልበቷን ክፉኛ ያማታል፣ የሐኪም ክትትልም ስላላት ከእኛው ጋር ልትኖር ነው።

ችግሩ ሳሎኑ ነው። ግማሹን ኤል ሼፕ ሶፋ ይዞታል። ፊት ለፊቱ ቡፌ አለ፣ ቡፌው ውስጥ ደግሞ ከሰርጋችን ጀምሮ ውሃ ያልተጠጣበት ብርጭቆ ተደርድሯል። እማዬ ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው። ስለዚህ እኛ ቲቪ እስክናጠፋ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። "ተኚ እንጂ እማዬ" ስላት "እንቅልፌ መቼ መጣ" ትላለች። ትናንት ማታ ዘወር ስል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ባለቤቴ የኩሽናውን ግድግዳ አፍርሰን ኦፕን ኪችን እናድርገው፣ ቤቱ ይሰፋል ይላል። ቲክቶክ ላይ አይቶ ነው። እኔ ግን እንጀራ የምጋግረው እዚያው ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ? ቤት ቀይሩ እንዳትሉኝ ብቻ፣ አቅሙ የለም።

ፎርማን ነኝ፦
እህቴ፣ ግድግዳው ተራ ብሎኬት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃውን የተሸከመው እሱ አይደለም፣ ኮለንና ቢሙ (የቆሙትና የተጋደሙት የኮንክሪት ምሰሶዎች) ናቸው። ግን ውስጡ የመብራት መስመርና ቧንቧ ሊኖር ስለሚችል ባለሙያ በአካል ሳያየውና የብሎኩን ኮሚቴ ሳታናግሩ መዶሻ እንዳታነሱ።

ይቻላል ወይ የሚለውን ተይውና ይጠቅማል ወይ በይ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚለቀውን እንፋሎት ታውቂዋለሽ። አሁን ቢያንስ በር ዘግተሽ መስኮት ትከፍቻለሽ። ግድግዳው ሲፈርስ ያ ሁሉ መጋረጃውና ፍራሹ ላይ ነው የሚያርፈው።

ካነሳሁት አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ምጣዱን የምትሰኪበት ሶኬት ጠቁሯል? ፕላስቲኩስ ቀለጥ ብሏል? ምጣድ ከ3,500 ዋት በላይ ይስባል። በ220 ቮልት ስታሰይው 16 አምፔር ገደማ ነው፣ ያውም ሰዓታት ሙሉ። ተራ ሶኬት ይሄን አይችልም። ለግድግዳ ማፍረሻ ያሰባችሁት ብር ካለ በሱ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ባለ 4 ሚሊ ገመድ በራሱ ብሬከር አስገቡለት። ከቆንጆ ኩሽና በፊት የማይቃጠል ኩሽና።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ኦፕን ኪችን ያለኝ ሰው ነኝና ስሙኝ። እዚህ አሜሪካ አፓርትመንቱ ሁሉ እንደዛ ነው፣ ምርጫ የለንም። ቁሌት ያቁላላሁ ቀን የለበስኩት ኮት ሥራ ቦታ ድረስ ቁሌት ቁሌት ይላል። ቡና ስንቆላማ የጭስ አላርሙ ይጮህና ባለቤቴ ወንበር ላይ ቆሞ በትራስ ያራግብለታል። ግድግዳ ያላችሁ ሰዎች አመስግኑ። ደግሞ ቡና በከሰል የምታፈሉ ከሆነ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳይሆን፣ የከሰሉ መርዝ ሽታ የለውም።

የአያቷ ልጅ፦
እኔም አያት ሰፈር ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ከአክስቴ ጋር አምስት ሆነን ኖረናል። እናትሽ ያሳዝናሉ። ግን መልሱ ግድግዳው ላይ አይደለም።

ቤትሽ ውስጥ ማን በስንት ሰዓት ይተኛል? በዚህ ጀምሪ። እናትሽና ልጆቹ ከምሽቱ 2፡30 ላይ መተኛት ይፈልጋሉ፣ አይደል? እናንተ ደግሞ እስከ 5 ሰዓት ትቆያላችሁ። ታዲያ በር ያለው ክፍል ለምን ቆይቶ ለሚተኛ ሰው ይሰጣል? መኝታ ቤቱን ለእሳቸውና ለልጆቹ ልቀቁ። ክፍሉ 3 በ3 ቢሆን እንኳን በአንድ በኩል ተደራራቢ አልጋ፣ በሌላው ለእናትሽ ባለ 90 አልጋ ብታደርጊ መሀሉ 1 ሜትር ከ20 ይተርፋል። እናንተ ሳሎን ሶፋ ቤድ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ልኩን ወለሉ ላይ በፕላስተር አስምሪውና ሁለት ቀን ተመላለሱበት። እኛ ሳንለካ ገዝተን የቁም ሳጥኑ በር ለሦስት ዓመት በግማሽ ነበር የሚከፈተው።

አረቢያን መጅሊስ ግዙ የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ያምራል፣ ግን ለሚያም ጉልበት የሚሆን አይደለም፣ ከመሬት ተነሱ ማለት ነው። ለእናትሽ ከወለሉ ወደ 50 ሳንቲም ከፍ ያለ ጠንካራ መቀመጫ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አድርጊላቸው። መደብ በይው። ገጠር ቤት መደቡ ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ አልነበረም? ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት ለእሳቸው እስር ቤት ነው። መንገዱን የሚያዩት በዚያች መስኮት ነው።

ዝም አላልኩም፦
ባልና ሚስት ሳሎን? እንግዳ ሲመጣስ የት ሊቀመጥ ነው? ትንሽ ክብር እኮ አለ ጎበዝ።

የአያቷ ልጅ፦
ሶፋ ቤድ ላይ ነዋ! ሲታጠፍ ሶፋ ነው ወንድሜ። እንግዳው ወር በገባ አንዴ ነው የሚመጣው፣ ያውም ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። አሮጊቷ በየማታው ቁጭ ብለው ሲያንጎላጁ ነው ክብር?

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
ኧረ ተባረኩ። ሶኬቱን ሄጄ አየሁት፣ በአንድ በኩል ጠቁሯል 😳 አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ባለ 200 ሊትር በርሜል አለን። እማዬ ሽንት ቤት ስትገባ እሱን ተደግፋ ነው የምትቀመጠው።

ፎርማን ነኝ፦
በርሜሉ ሲሞላ 200 ኪሎ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ሲጎድል ግን ከእሳቸው ጋር ይወድቃል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ቀይሩትና ከሚሄዱበት መንገድ አውጧቸው። መያዣ ብረት አስገጥሚ። በተራ ፊሸር (ብሎን በሚይዘው ፕላስቲክ) እሰራለሁ የሚል ባለሙያ ከመጣ ግን መልሺው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሰው ክብደቱን ሲጥልበት ይነቀላል። ግድግዳውን በስቶ የሚያልፍ ብሎን፣ ከወዲያ በኩል ላሜራ፣ አለቀ። ቅርብ ኮለን ካለ ደግሞ እሱ ላይ ይሻላል። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ የማይንሸራተት ጎማ ምንጣፍ አንጥፉ።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ኤል ሼፑ ተሸጠ፣ በሩ ስለማያሳልፈው በበረንዳ በገመድ ነው የወረደው፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየን። ቡፌው ግን አለ። ብርጭቆዎቹን አወጣሁና አንሶላና ብርድ ልብስ ገባበት። የመብራቱ መስመር ተሠራ። መያዣ ብረቱን ፎርማን ባለው መንገድ አስገጠምን፣ እማዬ መጀመሪያ ቀን ደጋግማ ጎተት ጎተት አድርጋ ፈተነችው።

የመጀመሪያው ማታ 2፡30 ሲሆን ትንሿን ይዛ ገባች። በሩን ዘጋችው። ትንሽ ቆይታ ከፈት አደረገችና "ቲቪውን ዝቅ አድርጉት፣ ሰው ተኝቷል" አለችን።

ባለቤቴ ኦፕን ኪችኑን አልረሳውም። በመጨረሻ በሩን ብቻ በመስታወት በር ለመቀየር ተስማማን። ጥሩ አናጺ የሚያውቅ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።