ሳይፈረድበት ንብረቱ ይወሰድ? ክርክር

ጠያቂ፦ ፓርላማው በጥር 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የንብረት ማስመለስ አዋጅ አለ። ሰውየው በወንጀል ባይፈረድበትም፣ ንብረቱ ከወንጀል የመጣ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ካመነ ይወረሳል። ምንጩን ማስረዳት ያቃተውም ሊያጣ ይችላል። ምን ትላላችሁ?

ጡረተኛው፦ እደግፋለሁ። 30 ዓመት በመንግሥት ቤት ሠርቼ ያገኘሁት አንድ ኮንዶሚኒየም ነው፣ እሱም በዕጣ። ከጎኔ ሲፈርም የነበረው ሰው ግን ፎቅ አቆመ። በየትኛው ደመወዝ? ምንጩ ያልታወቀ ንብረት መያዝ እኮ ድሮም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 419 ያስቀጣ ነበር። ሰውየው ሲሞት ወይም ሲኮበልል ግን ክሱ ሊቀር ይችላል። ፎቁ ይከራያል።

የመርካቶ ልጅ፦ ጋሼ፣ ሌባውን ይውሰዱት። እኔን ያሳሰበኝ የራሴ ነገር ነው። ሱቄን የከፈትኩት በዕቁብ ብር ነው። የዕቁቡ ዳኛ አፈር ከለበሱ ቆዩ፣ ደብተሩም የለም። ማንን ምስክር ልጥራ?

ከዲሲ፦ የኔ ይብሳል። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት እየሠራሁ የላክሁት ዶላር በባንክ አልሄደም። የጥቁር ገበያው ምንዛሪ ይሻል ነበራ! ቤቱ በወንድሜ ስም ነው፣ እሱ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ። ወረቀቱን ያየ ሰው ወንድሜን ሌባ ነው የሚለው።

ጠበቃዋ፦ ወንድሜ፣ የታክስ ወረቀቶችህን አትጣል፣ ይጠቅሙሃል። አላላኩ ግን ራሱ ሕገወጥ ነው፣ እሱን አልደብቅህም። እኔን የሚከነክነኝ አዋጁ 10 ዓመት ወደ ኋላ መሄዱ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 ላይ የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም ይላል። መልሱ «ይሄ ፍትሐ ብሔር ነው፣ ቅጣት አይደለም» የሚል ነው። ቤቱን ለተነጠቀ ሰው ግን ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ የሰረቁትን መመለስ ቅጣት ነው እንዴ?

ጠበቃዋ፦ መስረቁ ካልተረጋገጠስ ጋሼ?

ከለንደን፦ እዚህም ተመሳሳይ ሕግ አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. አንዲት የአዘርባጃን ባንክ የቀድሞ ኃላፊ ሚስት የቤቷን ገንዘብ ምንጭ እንድታስረዳ ታዘዘች። ሴትየዋ ሃሮድስ የሚባለው ውድ መደብር ውስጥ ብቻ ከ16 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥታለች። (እኔ እዚያ የምገባው ሽንት ቤት ለመጠቀም ነው።) በ2020 ግን ሌላ መዝገብ ላይ መንግሥት በካዛክስታን ባለሀብቶች ተረታ። ወደ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ወጪም እንዲከፍል ተፈረደበት። እኛ ጋስ መንግሥት ሲሸነፍ ኪሳራ ይከፍላል?

የመርካቶ ልጅ፦ እስኪሸነፍስ? ሱቄ ታግዶ ሁለት ዓመት ብመላለስ፣ ባሸንፍም ደንበኛዬ ሄዷል።

ጡረተኛው፦ እሱስ እውነትህን ነው። የዕግዱ ጊዜ ይገደብ፣ እስማማለሁ። ፎቁን ግን አልተውም።