6 ሳምንት ተባልኩ፣ ግን ሒሳቡ አልገባኝም

ጠያቂ፦ አልትራሳውንድ ላይ የ6 ሳምንት እርጉዝ ነሽ ተባልኩ። እንቁላል የወጣው ግን ከ4 ሳምንት በፊት ነው። ሁለቱ ሳምንት ከየት መጣ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባሽ ከጀመረበት ቀን ነው፤ እንቁላል የሚወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ 2 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። የፅንሱ ዕድሜ ራሱ 4 ሳምንት ገደማ ነው። ግራ ያጋባል፣ ግን ሐኪሞች ሁሉ እንዲህ ነው የሚቆጥሩት።

ሌላ መልስ፦ ልጨምር። እንቁላልና ዘር የሚገናኙት በማህፀን ቱቦ ውስጥ ነው፤ ከዚያ የተዳቀለው እንቁላል እየተከፋፈለ ይወርድና ከተገናኙ በ5ኛው ቀን ገደማ ውስጡ ፈሳሽ ያለው የሴሎች ኳስ ይሆናል፣ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ማህፀን ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። የእርግዝና ምርመራ የሚያየው ሆርሞን ደም ውስጥ የሚገባው ከዚህ በኋላ ስለሆነ ቸኩለው ሲመረመሩ ኔጌቲቭ ይላል።

ሦስተኛ፦ ደግሞ ሁሉም ሴት የወር አበባዋ በጀመረ በ14ኛው ቀን እንቁላል አትለቅም! የወር አበባ ዑደቷ 35 ቀን ከሆነ 21ኛው ቀን አካባቢ ሊሆን ይችላል።